ሞልቶ የሚሄድ መኪና፦ የደብረ ብርሃን–አዲስ አበባ መስመር በአንዲት ልብስ ሰፊ ዓይን

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ደብረ ብርሃን ከተማ መሐል ነው፤ ቤቴ ከጠባሴ ወዲያ፣ በአዲስ አበባ መውጫ በኩል። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ መርካቶ እወርዳለሁ። ክር፣ ገበር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ እገዛለሁ። እናቴ ደግሞ ጫጫ ናት፤ እሷንም እሑድ እሑድ እጠይቃለሁ። ሰው ስልክ ይገመግማል፣ ምግብ ቤት ይገመግማል። እኔ ግማሽ ዕድሜዬ መኪና ውስጥ ስላለቀ መስመሩን ልገምግመው ብዬ ተነሳሁ። ግምገማ ስል የስብሰባውን ዓይነት አይደለም፤ አትደንግጡ። ማንንም ከወንበሩ አላስነሳም።

የማኅበርም የባለመኪናም ስም አልጠራም። ዛሬ ያናደደኝ ረዳት ነገ ኬሻዬን ተሸክሞ ያወጣልኛል። ደግሞ ነገሩ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ ወደ ታች ስትወርዱ ታዩታላችሁ።

የልኬት ደብተር አለኝ። ከፊት በኩል የሰው ደረት፣ ወገብ፣ የእጅ ርዝመት ተጽፎበታል። ዘንድሮ ከጀርባ በኩል የመኪና ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። ሥራዬ መለካት ነው፤ ያልለካሁትን ጨርቅ አልቆርጥም። "መኪና ያስቸግራል" ከማለቴ በፊት እሱንም ለካሁት።

ከቤቴ ልጀምር። አስፋልቱ ከደጄ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ሁሉ በፊቴ ነው የሚያልፈው። አንዱም ግን አይጭነኝም። ለምን? ሞልቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አዲስ አበባ ለመሄድ መጀመሪያ ጀርባዬን ለአዲስ አበባ እሰጣለሁ። በባጃጅ ወደ ከተማው መሐል እመለሳለሁ፣ መናኸሪያ እገባለሁ፣ እሳፈራለሁ፣ እጠብቃለሁ። ከዚያ በራሴ በር ፊት ለፊት አልፋለሁ። አንድ ቀን በመስኮት ሳይ ልጄ ደጅ ላይ ቆማ ጥርሷን ስትፍቅ አየኋት። እኔ ከቤት ከወጣሁ ሰዓት ከሩብ ሆኖኛል። እጄን አውለበለብኩላት። አላየችኝም።

ባጃጁ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። እኔ ልጅ ሳለሁ በዚህ መንገድ ላይ ጋሪ ነበር የምንሳፈረው፤ ፈረሱ ይሞቀው ነበር፣ የሚበርደን እኛን ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 2840 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በኅዳር ንጋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የሚገኘው በኮንትራት ብቻ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ አለው፤ ማታ ደውዬ አስይዘዋለሁ። 11 ሰዓት ካልኩት 11 ሰዓት ላይ፣ ጥሩንባ ሳያሰማ፣ በሩ ላይ ነው። በሸራው ቀዳዳ የሚገባው ነፋስ ጉልበት ይቆረጥማል፤ ጋቢ መደረብ ነው። ሌላ እንከን የለውም። እንዲያውም በዚህ ሁሉ ጉዞዬ ሰዓት የሚያከብር መኪና እሱ ብቻ ነው። ለብቻዬ ስለምከፍለው ሌላ ሰው አይጠብቅም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መናኸሪያ ስትደርሱ "አዲሳባ! አዲሳባ! የሞላ! አንድ ሰው!" ይባላል። በመናኸሪያ ቋንቋ አንድ ሰው ማለት ከአንድ እስከ ስድስት ማለት ነው። ትገባላችሁ። እውነትም የሞላ ይመስላል። ከኋላ ሁለት ጎረምሶች ጆሯቸው ላይ ኢርፎን ሰክተው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ አንዱ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። እኔ ገብቼ ቦርሳዬን እግሬ ሥር ሳደርግ አንዱ ጎረምሳ "ይቅርታ ማዘር" ብሎኝ ይወርዳል። ሌላ ሰው ሲገባ የተኛው ይነቃና እሱም ይወርዳል። ተሳፋሪ አይደሉም። ወንበር ማሞቂያ ናቸው፤ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ ልጆች። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ያናድደኝ ነበር። አሁን ስገባ ፊት ሳይሆን እግር አያለሁ። መንገደኛ ጫማውን አጥብቆ አስሯል፤ ወንበር ማሞቂያው ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው።

ደብተሬ ላይ ያለውን ላንብብላችሁ። አራት ተከታታይ የመርካቶ ሐሙሶች ናቸው። ቁጥሩ እኔ ወንበር ከያዝኩበት ጀምሮ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ያለው ነው። የመጀመሪያው 25 ደቂቃ። ሁለተኛው 1 ሰዓት ከ10። ሦስተኛው 40 ደቂቃ። አራተኛው 8 ደቂቃ።

አካፍሎ "በአማካይ 36 ደቂቃ ነው" ማለት ይቻላል። ግን ምን ያደርግልኛል? በአማካይ ወገብ የተሰፋ ሱሪ ማንም አይለብስም። ዛሬ 8 ይሁን 70 አላውቅም። ስለማላውቅ ሁልጊዜ የሰባውን ያህል ቀድሜ መነሳት አለብኝ። 8 ደቂቃ ብቻ የጠበቅኩበት ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ? መርካቶ ሱቅ ሳይከፈት ደረስኩና በረንዳ ላይ ቆሜ አረፈድኩ። የተረፈው ደቂቃ እዚያ አለቀ።

መንገዱን ራሱን አላማም። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናው ከተነሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ክረምት ላይ ጉም አለ፣ አህያና በግ አለ፣ ከባድ መኪና ከኋላው ሰልፍ ያስረዝማል፤ ያም ሆኖ ይደረሳል። እኔን የሚገድለኝ ያልተነሳ መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው። በሚሄድ መኪና አንድ ሰዓት ሲያልፍ ሸኖ ደርሳችኋል። በቆመ መኪና አንድ ሰዓት ሲያልፍ የማስቲካ ሻጩን ልጅ የክፍል ደረጃ አውቃችኋል። አራተኛ ነው የሚወጣው፤ ጎበዝ ልጅ ነው።

ስለ ሹፌሮቹ ክፉ አልናገርም። አንድ ሐሙስ ጋቢና ደርሶኝ ሹፌሩን ጠየቅኳቸው። ጠና ያሉ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ሁለት ወንበር ነው የቀረው፤ ለምን አንነሳም?"

መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "እንቺ ንጂው። ማታ ደግሞ ለባለቤቱ ገቢውን አንቺ አስረክቢልኝ።"

ከዚያ እየቆጠሩ ነገሩኝ። የቀን ገቢ ለባለንብረቱ አለ። ነዳጅ አለ። ረዳቱ አለ። ተራ አስከባሪው አለ። ጎማ አለ፤ "የጎማውንስ ተይው" አሉኝ። ነዳጅ ደግሞ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ዋጋው ሲወጣ ነው የከረመው። ለሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ የተለየ ድጎማ ቢመጣም ባዶ ወንበር ከድሮው ይልቅ ውድ ሆነች። ሁለት ባዶ ወንበር ይዘው ቢነሱ ኪሳራው የእሳቸው ነው። የእኔ አንድ ሰዓት ግን ከእሳቸው ኪስ አምስት ሳንቲም አያወጣም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አልነሳም።

ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባኝ ሱሪ ሊያሳጥር በመጣ አስተማሪ ነው። የከተማ ፕላን ነው የሚያስተምረው። በርጩማ ላይ አቁሜው፣ አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ፣ እግሩን እያጠፍኩ ስለ ሰባው ደቂቃ አማረርኩለት።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የእናንተ ብቻ አይደለም" አለኝ።

በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ሹፌሩ የሚያገኘው በጫነው ሰው ቁጥር ስለነበር አውቶቡሶቹ ለአንድ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ይጋፉ ነበር አለኝ። ሕዝቡ "የሳንቲም ጦርነት" ብሎ ስም አወጣለት። በፈረንጆቹ 2000 ላይ ትራንስሚሌኒዮ የሚባል የራሱ መንገድ ያለው የአውቶቡስ መስመር ጀመሩ። በዚያ መስመር ዋና ዋናዎቹን አውቶቡሶች ለሚያንቀሳቅሱት ድርጅቶች ክፍያው በሚሄዱት ኪሎ ሜትር ሆነ። የቲኬቱን ገንዘብ የሚሰበስበው ሌላ ነው። ሹፌሩ ወንበር አይቆጥርም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል።

"ቦጎታ ደግሞ እንደኛ ደጋ ናት፤ 2600 ሜትር ገደማ" አለኝ።

እንግዲያው በከፍታ እንበልጣታለን። ብርዱን ሰበብ ማድረግ አንችልም ማለት ነው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው። የጎረቤቴ ልጅ በሰዓቱ የሚመጣው የምከፍለው ለጉዞው ስለሆነ ነው። የመናኸሪያው ሹፌር ግን የሚከፈለው ለወንበሩ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩን ይጠብቃል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሹፌሩ ክፉ ነው ብዬ ብተወው ኖሮ ተሳስቼ ነበር። ያንኑ የጎረቤቴን ልጅ ነገ መናኸሪያ ሚኒባስ ላይ አስቀምጡት፤ እሱም ወንበር ማሞቂያ ይቀጥራል።

አሁን ወደ እናቴ። ጫጫ ከደብረ ብርሃን ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያው የአዲስ አበባ መንገድ ላይ። ካርታ ላይ ስታዩአት ዕድለኛ ናት፤ ትልቁ መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። እናቴ ሰባን አልፋለች። የደም ግፊት ክትትል አላት፤ በቀጠሮዋ ቀን ደብረ ብርሃን ትመጣለች። ከጫጫ የሚነሳው ሚኒባስ እስኪሞላ ይቆማል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ደግሞ ሞልቶ ያልፋል። አንድ የቀጠሮ ቀን አርፍዳ ብትቀርብኝ ደወልኩ።

"እማዬ፣ የት ደረስሽ?"

"እዚያው ነኝ።"

"መኪና የለም እንዴ?"

"መኪናማ ሞልቷል ልጄ። ሞልቶ ነው እንጂ የሚያልፈው።"

እሷ ቀልድ አላለችውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ መኪና ባጣሁ ቁጥር ይቺው ናት ትዝ የምትለኝ። ያን ቀን አንድ ዘመድ በጭነት አይሱዙ አምጥቷት ደረሰች። ሐኪሙ ግፊትሽ ጨምሯል አላት። "መንገድ ላይ ነው የጨመረው" አለችው።

በተቃራኒውም ችግር አለ። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ላይ ወጥታችሁ "ጫጫ ወራጅ ነኝ" በሉ እስቲ። መጀመሪያ ይስቁባችኋል። ቀጥሎ "ጫጫም ብትወርጂ ሒሳቡ የአዲሳባ ነው" ይሏችኋል። ለሃያ ኪሎ ሜትር የ130 መክፈል ማለት ነው። ረዳቱም ምክንያት አለው፤ ጫጫ ላይ ባዶ የሆነውን ወንበር ማን ይሞላዋል? ሰው አለ እኮ! ጫጫ ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብ ሰው ሞልቷል። ግን መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ስለማያውቅ፣ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ገብቷል፣ አንዳንዱ ቀድሞ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሶ ሞልቶ ከሚነሳው ላይ ወጥቷል። እንደኔ። ጫጫ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ፤ መሐል ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚሄደው ከሁለቱ ጫፍ በተረፈው ነው።

ይቺ መንገድ ደግሞ ባለቤቷ ብዙ ነው። ከላምበረት ተነስታችሁ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ ስትሉ ኦሮሚያ ክልል ናችሁ። ጫጫና ደብረ ብርሃን አማራ ክልል ነው። ሰሜን ሸዋ ራሱ ሁለት ነው፤ የአንዱ ዋና ከተማ ፍቼ፣ የሌላው ደብረ ብርሃን። ሸኖ የዚያኛው ሰሜን ሸዋ ናት፣ እኛ የዚህኛው። በአንድ ቀን ጉዞ ሦስት መስተዳድር አልፋለሁ። ለእኔ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ኬሻ፣ አንድ ወገብ ነው።

ክፍያዬን ቆጥሬዋለሁ። ባጃጅ አንድ። የመናኸሪያው መኪና ሁለት። ላምበረት ወርጄ እስከ መገናኛ በታክሲ፣ ሦስት። ከመገናኛ መርካቶ በሌላ ታክሲ፣ አራት። ስመለስ ኬሻው አምስተኛ ይሆናል። ኬሻው ታሪፍ የለውም፤ ዋጋው የረዳቱ ፊት ላይ ነው የተጻፈው። አንድ ቀን አንዱ ረዳት የእኔን በቴሌብር ተቀበለና የኬሻውን በካሽ ካልሆነ አለኝ።

"ለምን?" አልኩት።

"ማዘር፣ ኬሻው ስልክ የለውማ።"

ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ መከራከር አይቻልም፤ ከፈልኩ። ደረሰኝ የሚባል ነገርማ አይነሳም።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ነው። መርካቶ ካመሸሁ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ መኪና ፈላጊው ይበዛል፣ መኪናው ያንሳል። ያኔ መሙላት ችግር አይደለም፤ በሁለት ደቂቃ ይሞላል። ከታሪፉ በላይ ይጠየቃል፤ መተላለፊያው ላይ በርጩማ ይዘረጋል። አንዴ እንዲህ ተሳፍሬ አንድ አባት በርጩማ ላይ ሆነው እስከ ሰንዳፋ ድረስ የእኔን ወንበር ብረት ጨብጠው ሄዱ። ወንበሬን ልልቀቅልዎ ስላቸው "ተይ ልጄ፣ አንቺም ከፍለሻል" አሉኝ። እሳቸውም እኩል ከፍለዋል እኮ።

አስተማሪው ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ስለ አምስቱ ክፍያ ነገርኩት። እሱ ደግሞ የሐምቡርግን አመጣ። ጀርመን ሐምቡርግ ውስጥ በፈረንጆቹ 1965 የከተማው ባቡርና አውቶቡስ የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች አንድ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። ድርጅቶቹ የየራሳቸው ናቸው። ቲኬቱና የሰዓት ሰሌዳው ግን አንድ ሆነ፤ ከከተማው ዙሪያ ተነስቶ መሐል የሚገባ ሰው በአንድ ቲኬት ይቀያይራል። ማኅበር ለማኅበርማ እኛ መች አጣን? የባለንብረት ማኅበር አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን፣ ዕድር አለን። የተሳፋሪ ብቻ ነው የሌለን። የሱሪውን አልቀበልህም ብለው እምቢ አለኝ፤ "የሄድኩበትን ኪሎ ሜትር ክፈዪኝ እንጂ" ብሎ ሳቀና ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

በሰዓት የሚሄድ ነገር ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ነው። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ላይ ሥራ ጀመረ። ሁለት መስመር፣ 39 ጣቢያ፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ሒሳቡ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የዚያን ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ሄጄ ከመገናኛ ተሳፈርኩ። ከፊቴ አራት ወንበር ባዶ ነው። ማንም አልተጣራም። ማንም "አንድ ሰው" አላለም። በሩ ተዘጋና ሄደ።

ግራ ቀኝ አየሁ። "ሞልቷል እንዴ?" ብዬ አጠገቤ ያለችውን ልጅ ጠየቅኳት። ልጅቷ ሳቀችብኝ። እሷ ምን ታውቃለች። እኔ ባዶ ወንበር ይዞ፣ ማንንም ሳይለምን የሚነሳ ነገር ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። አራቱን ወንበሮች እያየሁ ነው ሜክሲኮ የደረስኩት።

ታዲያ የባቡሩን ሌላ ገጽ ካልነገርኳችሁ ውሸታም እሆናለሁ። መጀመሪያ 41 ባቡር ነበር የገባው። መለዋወጫ እየጠፋ ሲሄድ ብዙዎቹ ቆሙ። 2 እና 6 ብር ያንን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ሊሄድ አይችልም። በሰዓት መነሳት በነፃ አይመጣም፤ የባዶዋን ወንበር ዋጋ አንድ ሰው መክፈል አለበት። የሚከፍል ካልተመደበላት ባቡርም ይቆማል፣ ሚኒባስም ይቆማል። ስለዚህ "በሰዓት ይሂድ" ስል እንዲያው አፌ እንዳመጣ አይደለም። ታሪፉ ላይ ትንሽ ይጨመርብኝ፤ እከፍላለሁ። አሁንስ እየከፈልኩ አይደል? በዚያ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሁለት ሱሪ አሳጥሬ አንድ ዚፕ እቀይር ነበር።

ደግሞ ሁሉም መኪና በሰዓት ይሂድ አልወጣኝም። ጠዋት ሦስት መኪና ይበቃኛል። 11 ሰዓት ተኩል አንድ፣ 12 ሰዓት አንድ፣ 12 ሰዓት ተኩል አንድ። ሞላም አልሞላም ይውጣ። ስምሪት የሚሰጠው ሰው በር ላይ ሰዓቱን በኖራም ቢሆን ይጻፍልን። የተሳፋሪው ሒሳብም በኪሎ ሜትር ይሁን። ያኔ እኔ ጀርባዬን ለአዲስ አበባ ሰጥቼ አልመለስም፤ ጋቢዬን ደርቤ ከደጄ አስፋልቱ ላይ እቆማለሁ። እናቴ ቤት የሚከራየው ልጅም ጫጫ ላይ ይቆማል። ሰንዳፋም ላይ የሚቆም አይጠፋም። መኪና የሚሞላው መናኸሪያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው ማነው? ሰዓቱ ከታወቀ መንገድ ላይ ይሞላል። ይህን ለእኚያ ጠና ላሉት ሹፌር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ሰዓቱን ሁለት ወር ካከበርነው ይሆናል፤ አንድ ቀን ከቀረን ግን አለቀ፣ ሰው ተመልሶ መናኸሪያ ይገባል" አሉኝ። ልክ ናቸው። ያንን የሁለት ወር ኪሳራ ማን ይችልላቸዋል የሚለው ላይ ነው የተለያየነው። እሳቸው "መንግሥት" አሉ፣ እኔ "ማኅበሩ" አልኩ።

የፋብሪካ ሰርቪሶችንም አያለሁ። ከተማችን የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከጥንት አለ፣ ቢራውም የኢንዱስትሪ ፓርኩም በኋላ መጡ። ሠራተኛ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ አውቶቡስ በደጄ ያልፋል። እሱም ባዶ፣ እኔም ቆሜ። ተያይተን እንተላለፋለን።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ መንገዱ ከ10 ስምንት። ሹፌሮቹ ሰባት፤ በጉም ውስጥ ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ወንበሩ አምስት፤ የቅጥቅጥ የኋላ ረድፍ ላይ ጉልበታችሁን ከአገጫችሁ ጋር አስማምታችሁ ነው የምትሄዱት። ሰዓቱ ሁለት። ሁለቱንም የሰጠሁት ለዚያች 8 ደቂቃ ነው።

ለአዲስ ተሳፋሪ፦ ትንሽ ብር ዘርዝራችሁ ያዙ፣ መልስ ላምበረት ላይ ነው የሚጠፋው። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር ትሞቃለች፤ ለደብረ ብርሃን ጠዋት ጥሩ ናት፣ ለገጣፎ ስትደርሱ ግን ጋቢውን ታወልቃላችሁ። ኬሻ ካላችሁ ዋጋውን ኬሻው ሳይጫን ተነጋገሩ። ከተጫነ በኋላ ኬሻው የእነሱ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ጫማ እዩ።

ሐሙስ እሄዳለሁ። ደብተሩ ግን እያለቀብኝ ነው። ከጀርባ በኩል የመኪናው ሰዓት፣ ከፊት በኩል የሰርግ ልኬት እየመጡ፣ መሐል ላይ አንድ ገጽ ተኩል ነው የቀራቸው።